ሙት ሽቦ ላይ የቆመው ቆጣቢ

እኛ ነጂዎቹ «ቆጣቢው» ነበር የምንለው። በባቡር ግቢው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ እሱም ቅር አይለውም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ዘለግ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲያወራ እንደ መምህር ጣቱን የሚያነሳ ሰው ነው። ዕድሜውን በኤሌክትሪክ ባቡር ላይ ካሳለፈ በኋላ አሰልጣኝ አደረጉት። ሆኖም መንዳቱን ጨርሶ አልተወም። እኩለ ቀን ላይ ከላይኛው ጣቢያ የሚነሳውን፣ ወንበሩ ከግማሽ በላይ የማይሞላውን ባቡር ራሱ ይነዳ ነበር።

የሚያስተምረው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ባቡር ከባድ ስለሆነ አንዴ ፍጥነት ከያዘ ብትተወውም ብዙ መንገድ ይሄዳል። እና ጣቢያው ድረስ በሙሉ ኃይል ገስግሶ እዚያ ሲደርሱ ፍሬን ከመያዝ፣ ገና ከሩቁ የኃይሉን እጀታ ዘግቶ፣ የመኪና ሹፌሮች በፍሪ እንደሚሉት፣ በራሱ ግፊት እንዲንከባለል መተው ነው። ኤሌክትሪኩ ይተርፋል፣ መንኮራኩሩና ፍሬኑ ይተርፋል፣ ተሳፋሪውም አይንገጫገጭም። ቆጣቢው ይህን ሲያሳይ ማየት ያስደስታል፣ አልዋሽም። እጀታውን በሁለት ጣት መልሶ እጁን ጭኑ ላይ ያሳርፍና ባቡሩ ድምፁን አጥፍቶ ሲንሸራተት ፈገግ ይላል።

ቤቱም ያው ነው። ከክፍል ክፍል እየዞረ አምፖል ያጠፋል። ሚስቱ የአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ተጫዋች ሴት። «እኔ ያገባሁት ድንቹ ሳይበስል ምድጃ የሚያጠፋ ሰው ነው» ትለን ነበር። «በራሱ ግለት ይበስላል ይለኛል። ምን ያደርጋል፣ ድንቹ አልሠለጠነም!»

ይህች ሚስቱ አንድ ታናሽ ወንድም አላት። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው እሷ ናት። ልጁ ሲጎለምስ ቆጣቢው ወደ ባቡር ሥራ አስገባው፤ እጀታ አያያዝ ያስተማረውም እሱ ነው። «ጋሼ» ይለዋል። ሳቂታ፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ከሥራ ሲወጣ ለእህቱ ልጅ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ የማያጣ ሰው ነው። እሱ የሚነዳው ከታችኛው ጫፍ፣ ከፋብሪካዎቹ በኩል የሚመጣውን ባቡር ነበር። ሰው እንደ ጆንያ ተጠቅጥቆ፣ በር ሲዘጋ የቀሚስ ጫፍ ተይዞ፣ ተከፍቶ እንደገና ተዘግቶ የሚሄደውን።

መስመራችን ነጠላ ነው። ከላይ የሚወርደውና ከታች የሚመጣው ባቡር የሚተላለፉት መሃል ላይ ባለች አንዲት ጣቢያ ብቻ ነው። ጣቢያዋ ጉብታ ላይ ስለሆነች ከሁለቱም በኩል ወደ እሷ ሲጠጉ ዳገት አለ። ቀድሞ የደረሰው ገብቶ ሌላውን ይጠብቃል፤ አንዱ እየገባ ሳለ ግን ሌላው ገብቶ እስኪያበቃለት ውጪ በቀይ መብራት ይያዛል። የቆጣቢውና የሚስቱ ወንድም ባቡሮች በየቀኑ የሚገናኙት እዚያ ነበር።

በየወሩ መጨረሻ ስብሰባ አለ። ቆጣቢው ግድግዳው ላይ በሚያበራው ማሳያ እያንዳንዳችን ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደፈጀን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ያነባል። አንደኛው ሁልጊዜ እሱ ነው። መጨረሻው ደግሞ ሁልጊዜ የሚስቱ ወንድም። መጀመሪያ ላይ በቀልድ ያልፈው ነበር። ኋላ ግን ለዘመዱ አዳላ እንዳይባል ነው መሰለኝ፣ እየጠነከረበት ሄደ። አንድ ቀን ሁላችንም በተቀመጥንበት ጣቱን አነሳና፣

«ይሄ ሰውዬ ባቡር አይደለም የሚነዳው» አለ፤ «ጅብ ነው የሚቀልበው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቂታው ሰውዬም አብሮን ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዝ አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጅቡ» የሚል ስም ወጣለት። «ጅቡ ገባ?»፣ «ጅቡ ዛሬ ስንት በላ?» ማለት የማረፊያ ክፍላችን ቀልድ ሆነ። እሱም ራሱን ሲያስተምር ያመሽ ጀመር፤ በትርፍ ሰዓቱ የቆጣቢው ሥልጠና ላይ ይቀመጣል፣ እየጠየቀ ይጽፋል፣ በማግስቱ ይሞክራል። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ያኔ ረጅሙ መስመር ላይ፣ ደመወዙም ክብሩም ከፍ ባለበት፣ አንድ ቦታ ተከፍቶ ነበርና አመለከተ። በዚያው ቁጥር ምክንያት ወደቀ። አስተያየቱን ጽፈው ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ቆጣቢው ነበር።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም። «እኔ እጁን ይዤ ትምህርት ቤት ያስገባሁትን ልጅ ነው ሰው መሃል ጅብ ያልከው» ብቻ አለችው።

«ሥራ ሥራ ነው። ቁጥሩን እኔ አልፈጠርኩት» አላት። ይህን መልስ በኋላ ራሱ ሲነግረን አንገቱን ደፍቶ ነበር።

እንግዲህ ዋና ሥራ አስኪያጁ ስለ ቆጣቢው ወሬ ሰምተው አንድ ቀን አብረው ሊሳፈሩና አነዳዱን ሊያዩ ፈለጉ። ታችኛው ጣቢያ ሲደርሱ የምስጋና ወረቀት ሊሰጡትም ተዘጋጅተዋል። ቆጣቢው ሚስቱንና ልጁን አዲስ ልብስ አስለብሶ የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ አስቀመጣቸው። ሥራ አስኪያጁ ከኋላው፣ በነጂው ክፍል ውስጥ ቆሙ።

«ከዚህ ቁልቁለት አናት እስከ መተላለፊያ ጣቢያው ዳገት ድረስ» አላቸው ቆጣቢው፣ «ይቺን መርፌ ይመልከቱ። ከዜሮ ንቅንቅ አትልም።»

እጀታውን ዘጋ። ባቡሩ እየተንሸራተተ ወረደ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው የመኪና መሻገሪያ ላይ ግን አንድ የጭነት መኪና ተንቀራፎ ሐዲዱን ሳይለቅ ቆየ። ቆጣቢው ፍሬን ያዘ። መኪናው አለፈ፤ ባቡሩ ግን ፍጥነቱ ሞቶ ነበር።

ከመሻገሪያው ትንሽ አለፍ ብሎ እኛ «ሙት ሽቦ» የምንለው ቦታ አለ። ከላይ በኩል የሚመጣው ኤሌክትሪክ የሚያበቃበትና የታችኛው የሚጀምርበት መገናኛ ስለሆነ፣ መሃሉ ላይ ምንም ኃይል የሌለው አጭር ሽቦ ተዘርግቷል። ባቡር እሷን የሚያልፈው በፍጥነቱ ብቻ ነው። ፍጥነት ካነሰህ ከምልክቱ በፊት ኃይል ትጨምራለህ፤ አለዚያ መሃሉ ላይ ቆመህ ቀረህ ማለት ነው፣ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ይህን ለአዲስ ነጂ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተምረው ደግሞ ማን መሰላችሁ? እሱ ራሱ።

ምልክቱ መጣ። ኃይል ለመጨመር ጊዜም ቦታም ነበረው። እጁ ወደ እጀታው ሄደ። ግን ሥራ አስኪያጁ ትከሻው ላይ ጎንበስ ብለው መርፌዋን እያዩ፣ «እውነትም ዜሮ!» አሉ። እጁን መለሰ። ያልፋል አለ በልቡ።

አላለፈም። ባቡሩ እየተጎተተ፣ እየተለመነ የሚሄድ ይመስል ጥቂት ተራመደና ቆመ። መብራቱ ጠፋ፣ የአየር ማራገቢያው ጸጥ አለ። የፉርጎዎቹ መስኮቶች የማይከፈቱ ናቸው። ጥቂት ቆይቶ ከኋላ የሕፃን ለቅሶና የሰው ማጉረምረም ተሰማ።

ቆጣቢው ሬዲዮኑን አነሳ። «ቁጥጥር ክፍል፣ ሽቦው ላይ ኃይል የለም» አለ።

«እዚህ ሙሉ ነው የሚያሳየኝ» አለ ተቆጣጣሪው። «የት ጋ ነህ?»

«መሻገሪያውን... አለፍ ብዬ።»

«ምን ያህል አለፍ ብለህ?»

ቆጣቢው ሬዲዮኑን እንደያዘ ዓይኑ ወደ ምልክቱ ሄደ። ተቆጣጣሪው ባለማመን፣ «ሙት ሽቦው ውስጥ ነኝ እንዳትለኝ!» አለ። የሬዲዮኑ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ቆጣቢው ሥራ አስኪያጁን ዞሮ ለማየት አንገቱ እምቢ አለው። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበው፣ ብሎን ነበር በኋላ፣ መቆሙ አይደለም፤ በሰው ፊት «ሽቦው ላይ ኃይል የለም» ብሎ ሊያመልጥ መሞከሩ ነው። ውሸት እንዳይባል እውነት ነው፤ እውነት እንዳይባል ደግሞ...

ነጠላ መስመር ላይ ሊደርስለት የሚችለው መተላለፊያ ጣቢያው ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባቡር ብቻ ነበር። የሚስቱ ወንድም። የጫናቸውን ሠራተኞች ሁሉ እዚያው አወረዳቸውና ባዶ ባቡሩን እያዘገመ አመጣው፣ ከፊቱም አስጠግቶ አቆመ። ወርዶ በድንጋዩ ላይ እየተራመደ መጣና አንጋጦ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። የሽቦውን ምልክት አየ፣ ባቡሩ የቆመበትን አየ። ነጂ ነውና ሌላ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብለው፣ «ምንድነው የተፈጠረው?» አሉት።

«ማንንም ያጋጥማል ጌታዬ። አሁን እንወጣለን» አለና መቆላለፊያውን ለማያያዝ ጎንበስ አለ።

ጅቡ ቆጣቢውን ጎተተው። ወደ ጣቢያዋ ሲገቡ፣ ባቡራቸውን የተነጠቁት ሠራተኞች ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ያጨበጭባል፣ አንዲት ሴት «ልጄ ጋ መድረሻ ሰዓቴን አሳለፋችሁብኝ!» ትላለች። ቆጣቢው እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ የሚሠራው የለማ። ሚስቱ ላብ በላብ የሆነች ልጇን አቅፋ ስትወርድ በመስኮቱ በኩል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ፊቷን አዞረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ ይላል፤ መሬቷ ግን ኮንክሪት ነበረች።

የምስጋናው ነገር ዳግም አልተነሳም። ከአሰልጣኝነቱም ለጊዜው አነሱት፤ ከሌሎች ነጂዎች ጋር እየተሳፈረ አነዳድ እንዲታዘብ ብቻ መደቡት። ቀልዱ እንዳያመልጠን እኛም አልቦዘንን። አንዱ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አንሸራትቶ መሃል ላይ ሲቆም፣ «ጎታች ጥሩልኝ!» ይላል። ቆጣቢው ሰምቶ እንዳልሰማ ይወጣል።

ከሁሉም ጋር ሲሳፈር ከሚስቱ ወንድም ጋር ግን ቀኑን ይገፋ ነበር። በመጨረሻ አማራጭ ሲያጣ ሄደ። ሰውየው እንደ ወትሮው በሳቅ ተቀበለው፣ የራሱን መቀመጫ ትራስ ሰጠው። ያን ቀን የቆጣቢውን የእኩለ ቀን ባቡር የሚነዳው የእሱ ተማሪ ነበር፤ ጎበዝ፣ የተማረውን አንድም ሳያጓድል የሚሠራ ልጅ።

ባቡሩ ሰው ጠቅጥቆ ተነሳ። ቆጣቢው ሊያርም ተዘጋጅቶ ነበር። የሚያርመው ግን አጣ። ሰውየው እጀታውን ልክ በተማረው ቦታ ይዘጋል፣ ልክ በተማረው ቦታ ይከፍታል። ወደ መተላለፊያዋ ዳገት ሲቃረቡ ፊት ለፊት ቀይ መብራት በራ።

«ይኸውልህ፣ መጣችልህ» አለ ሰውየው ፍሬን እየያዘ። «ቀጠሮ ያለን ይመስል አንድ ቀን አትቀርም እኮ! ይቺ መብራት ምን እንዳደረግኳት አላውቅም።»

የሞላ ባቡር ዳገት ላይ ቆመ። ጠበቁ። ኋላ መብራቱ ሲቀየር ከቆመበት ያን ሁሉ ሰው ሽቅብ ለማንቀሳቀስ እጀታውን እስከ መጨረሻው ገፋው። ሞተሩ አጓራ፣ መርፌዋ እየዘለለች ቀዩ ጋ ደረሰች።

«ጅቡ በላ» አለ ሰውየው፤ እንደ ቀልድ ነው፤ ፊቱ ግን አይቀልድም።

ጣቢያዋ ሲገቡ ከወዲያ በኩል የቆጣቢው ባቡር ቆማለች። ተማሪው በመስኮት ብቅ ብሎ አሰልጣኙን ሲያይ አውራ ጣቱን አነሳ። በዜሮ ገባሁ ማለቱ ነው። እየተንከባለለ፣ ሳይቸኩል፣ ሰዓቱን ትንሽ አሳልፎ ነው የገባው፤ መዘግየት ተብሎ የማይመዘገብ ትንሽ። ቆጣቢው ራሱ ዘወትር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እሱ በዝግታ ተንከባልሎ ገብቶ እስኪያበቃ ጣቢያዋ ለሌላው አትከፈትም፤ ጣቢያዋ ካልተከፈተች ከታች የሚመጣው ባቡር ዳገት ላይ ቀይ ይይዘዋል። ባዶው ባቡር የቆጠባትን የሞላው ባቡር እጥፍ አድርጎ ይከፍልላታል።

ክው አለ። ለሰውየው ግን ምንም አልተናገረም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ራሱን አባበለ። በማግስቱም ተሳፈረ። ያን ቀን የእኩለ ቀኑን ባቡር የያዘው ከእኛ አንዱ፣ መንከባለል ምናምን የማይወድ ችኩል ነጂ ነበር። በሰዓቱ ገብቶ ጠበቃቸው። መብራቱ አረንጓዴ ነበር። የሚስቱ ወንድም ዳገቷን ሳይቆም ወጣት፤ መርፌዋም ረጋ ብላ ቆየች።

«ዛሬስ መብራቷ ታረቀችኝ!» አለ ደስ ብሎት።

ቆጣቢው ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀናት ምግብ አልበላለት አለ። ሊናገር እየተነሳ ይቀመጣል። ምን ብሎ? ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት ያዋረድኩህ እኔ ላጠፋሁት ነው ብሎ? በመጨረሻ ሚስቱ፣ «ታመሃል ወይስ የምትደብቀኝ ነገር አለ?» ስትለው ነገራት። «ለእኔ ምን ታወራልኛለህ» አለችው። «ሂድና ለባለቤቱ ተናገር።»

ከፈረቃ በኋላ ከግቢው በር ውጪ ባለችው ሻይ ቤት ጠበቀው። ነገሩን ሁሉ ሳያሳምር ነገረው። ሰውየው ስኳሩን እያማሰለ ነበር፤ ማንኪያው ቆመ።

«እኔ እኮ እጄ ክፉ መስሎኝ ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «ለሥራው አልተፈጠርኩም ብዬ ልተወው ነበር። ለሚስቴም ነግሬያት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ በድዬሃለሁ።»

«የረጅሙን መስመር ቦታ ያጣሁት በዚያ ቁጥር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ እንጂ። የፈረምከው አንተ ነህ።»

ሻዩን ሳይጠጣ ተነሳ። አልተቆጣም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ቆጣቢው ቢሰድበኝ ይሻል ነበር ይላል እስከ ዛሬ።

በማግስቱ ቆጣቢው የጉዞ ሰዓት ወደሚወጣበት ክፍል ሄደ። ሰዓቱን የምታወጣው ሴት ነገሩን ሰምታ ሰሌዳውን ዘርግታ ስታየው፣ የእሱ ባቡር ድሮ ይቆምበት የነበረ አንድ ጣቢያ ከተዘጋ በኋላ ትርፉ ሰዓት ሳይነሳለት እንደቀረ አገኘች። እሱ የሚንከባለልባት ጊዜ ያቺ ነበረች። የሞላው ባቡር ግን ሰው ሲበዛና በር ሲዘገይ የሚጨመርለት ምንም አልነበረም።

«ሁለቱም አይቆሙም ማለት አይቻልም» አለች። «መቆም ካለበት ቀላሉ ይቁም፤ ከባዱ ይለፍ።»

«እንደዚያ አድርጊው። የእኔን ወስደሽ ለእሱ ስጪው።»

«ያንተ ቁጥር ይበላሻል እኮ!»

«ይበላሽ!»

ሰዓቱ ተለወጠ። የቆጣቢው ባቡር ቀደም ብላ ገብታ ትጠብቃለች፤ የሞላው ሳይቆም ዳገቱን ይወጣል። መስመሩ በጠቅላላ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ እሱ ያን ሁሉ ዘመን በእጀታ ካዳነው ይልቅ በዚያች ለውጥ ቀነሰ። እሱ ወደ መንዳቱ ሲመለስ ከአንደኛነት ወርዶ ወደ መጨረሻው ተጠጋ።

በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ሳይጠየቅ ተነስቶ ሁሉንም ለእኛ ነገረን፤ እዚህ የጻፍኩትን አብዛኛውን የሰማሁት ያኔ ነው። ጣቱን አላነሳም። ሲጨርስ አንድ አንጋፋ ነጂ ከኋላ፣ «ታዲያ ጅቡ ማን ነበር?» አለው።

«እኔ ነበርኩ» አለ።

መሳቅ ጀምረን ተውነው። የሚስቱ ወንድም ግን ያን ቀን ተረኛ ስለነበረ ስብሰባው ላይ አልተገኘም። ሲሰደብ ነበር፤ ሲካስ አልነበረም። እርግጥ ሰምቷል፣ ወሬ ይደርሳል። ግን መስማት ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቆጣቢውን «እርስዎ» ይለው ጀመር። ሲያገኘው ከመቀመጫው ይነሳል፣ «እንደምን ዋሉ?» ይላል፣ የተጠየቀውን በአክብሮት ይመልሳል። ለማያውቅ ሰው ታላቅ ክብር ይመስላል። እህቱ ቤት ይመጣል፣ ግን ቆጣቢው ሥራ ላይ መሆኑን አረጋግጦ ነው። ሚስቱም ይህን ታውቃለች፤ ሁለቱን አስቀምጣ ልታስታርቃቸው አንዴ ሞክራ፣ ወንድሟ «ምን ተጣላንና እህት ዓለም?» ሲላት ተወችው።

በዓመቱ ግድም ረጅሙ መስመር ላይ ሌላ ቦታ ተከፈተ። የሚስቱ ወንድም አመለከተ፣ በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩ ከላይ ስለነበረ አለፈ። ቆጣቢው አስተያየት ስጥ ቢሉት፣ «እኔ በዚህ ሰው ላይ የመፍረድ መብት የለኝም» ብሎ እንዳልፈረመ ሰማን።

የመጀመሪያው ጉዞ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ ሊሸኘው ትልቁ ጣቢያ ሄደ። ቆጣቢውም ሄደ። ግን እስከ ነጂው ክፍል አልተጠጋም፤ ከምሰሶው ኋላ፣ መጽሔት ከሚሸጥበት ሱቅ አጠገብ ቆመ። እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ አይቼው፣ «ሂድ እንጂ፣ እንኳን ደስ አለህ በለው!» አልኩት።

«ልጅቷ ትለዋለች» አለኝ።

ልጅቷ ሮጣ ሄዳ በመስኮቱ በኩል አጎቷን ሳመችው። ሚስቱ እያለቀሰች ትስቃለች። ባቡሩ ሲነሳ ቆጣቢው አንገቱን አስግጎ አዳመጠ። «ጥሩ አነሳስ ነው» አለ፣ ለእኔም ለራሱም ሳይሆን። ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ሚስቱንና ልጁን ሳይጠብቅ፣ ሰው በማይበዛበት በጎን በር ወጣ።